ይድረስ ለአባባ፣ ሐይቅ

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ትልቋ ልጄ ክፍሏን አልፋለች፣ ትንሹም ዳዊት መድገም ጀምሯል። በስልክ «እግሬ ከተቆረጠ ወዲህ ሸክም ሆንኩባችሁ፤ የስኳሩን መርፌ ትቼ ብሄድ ይሻላል» ያሉኝን ግን ለማንም አልነገርኩም።

ይህ ቃል ሲከነክነኝ ሰንብቶ አሌሃንድሮ አሜናባር እ.ኤ.አ. በ2004 የሠራውን «ማር አዴንትሮ» የተባለ የስፔን ፊልም አየሁ። ታሪኩ የእውነተኛ ሰው ነው። ራሞን ሳምፔድሮ በ25 ዓመቱ ከዐለት ላይ ወደ ባሕር ሲዘል አንገቱ ተሰብሮ ሰውነቱ ሳይንቀሳቀስ ቀረ፤ በሰው እርዳታ መሞት ይፈቀድልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ቢከራከርም ስላልተፈቀደለት፣ 30 ዓመት ያህል ከተኛ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 በወዳጅ እጅ የቀረበለትን መርዝ ጠጥቶ ሞተ።

በፊልሙ እንደ እርሱ ሰውነቱ የማይታዘዝለት የካቶሊክ ቄስ ሊመክረው ይመጣል። ተሽከርካሪ ወንበሩ ደረጃውን መውጣት ስላልቻለ፣ አንዱ ፎቅ ሌላው ምድር ቤት ሆነው፣ አንድ ወጣት አገልጋይ እየወጣና እየወረደ ክርክራቸውን ያመላልሳል። ፊልሙ ቄሱን መሳቂያ አድርጎታል፤ ይህን አልወደድኩለትም፤ ነፍስ የሰጪዋ ናት ማለት የሞኝ ነገር አይደለምና። ቄሱ ግን አስቀድሞ በቴሌቪዥን ቤተሰቡ ፍቅር እንደነፈገው ተናግሮ ነበር፤ በሽተኛውን ለዓመታት ስታጥብና ስታገላብጥ የኖረችው የወንድሙ ሚስት በቁጣ የመለሰችለት መልስ አንጀቴን አራሰው።

ያን ጊዜ መራመድ ያቃታት እታለማችን ትዝ አለችኝ። «ምነው በሞትኩ» ስትል እርስዎ «ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለውም» ብለው ገሠጿት፤ ሥርዓቱ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ የምትገባው፣ ሰርግ ላይ የማትታየው በማን ትእዛዝ ነበር? በየወሩ በ24 የምንዘክራቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ እዚያው ሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ የተማሩት ጻድቅ፣ በቤታችን ግድግዳ የተሣሉት በአንድ እግራቸው ቆመው ነው። ሥዕሉን እየተሳለምን በልጃችን እግር ለምን እንዳፈርን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይህን የማነሣው ላሳዝንዎ ብዬ አይደለም፤ ዛሬ በራስዎ ላይ የፈረዱት ያኔ በእርሷ ላይ የፈረዱትን ነው፤ መራመድ ያቃተው ሰው ከዓይን ይራቅ የሚለውን። ያኔም ስሕተት ነበር፣ አሁንም ስሕተት ነው።

ጎረቤታችን ሼኹ ሊጠይቁዎ ሲመጡ ያቺን ዱዓ ያስደግሙኝ ይበሏቸው፤ ሕይወት የሚሻለኝ እስከሆነ አኑረኝ፣ ሞት የሚሻለኝ ሲሆን ውሰደኝ የምትለውን። መምረጡን ለፈጣሪ የምትተው ናትና ለእኛም ትሆናለች።

መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑ እንዳይበላሽ ቀዝቃዛ ገንቦ ውስጥ ይቀመጥ። የደጁን ደረጃ ለወንበሩ እንዲመች ተዳፋት አድርጎ የሚሠራ ግንበኛ ተነጋግሬያለሁ፤ ሲመጣ አይመልሱት። እሁድ ቅዳሴ ይሂዱ፤ ሰውም ይይዎት። መርፌውን መውሰድዎንም ከራስዎ አንደበት መስማት እፈልጋለሁ።

ልጅዎ