ስምንት ቻናል ያለው ሪሲቨር፣ አንድ ጥንድ ሽቦ

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በገመድ አልባ የማንቂያ ደወል ተከላ ሥራ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የምሠራ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሺያን ነኝ። ሌባ የገባባቸው ሰዎች «ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው» ሲሉ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ለጥገና ከተጠራሁባቸው ሱቆችና መኖሪያ ቤቶች በብዙዎቹ ያየሁት ግን ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የተከላው፣ በተለይም ከበርና ከእንቅስቃሴ ሴንሰሮች የሚላከውን መልእክት የሚቀበለው ባለ ብዙ ቻናል የሬዲዮ ሪሲቨር የተገጠመበትና ሽቦው የተያያዘበት መንገድ መሆኑን ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ገዢዎች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ጫኙን ምን መጠየቅ እንዳለባቸው እንዲያውቁ በማሰብ ነው።

ባለፈው ክረምት መርካቶ ውስጥ አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ አስጠሩኝ። በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሰዎች አሻሻጩን ልጅ አዘናግተው ጣቃ ጨርቅ ይዘው ሲወጡ፣ ባለቤቷ ከጠረጴዛው ሥር የተገጠመውን የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ደጋግመው ቢጫኑትም ሳይረኑ ድምፅ አላሰማም። ሳጥኑን ስከፍት ሪሲቨሩ ስምንት መውጫ ያለው ደህና ዕቃ ሆኖ አገኘሁት። ይሁን እንጂ የበሩ ማግኔት፣ በሱቁና ከኋላ ባለው መጋዘን የተሰቀሉት ሁለቱ የእንቅስቃሴ ሴንሰሮች፣ እንዲሁም ያ የጠረጴዛ ሥር ቁልፍ፣ አራቱም በአንደኛው ቻናል ላይ ተመዝግበው፣ ከዚያ ቻናል አንድ ጥንድ ሽቦ ብቻ ወደ ፓነሉ (ሳይረኑን ወደሚያዘው ዋና መቆጣጠሪያ) የመጀመሪያ ዞን፣ ማለትም የመስመር መግቢያ፣ ተስቧል። ያ ዞን ደግሞ ሲስተሙ አርም ሲደረግ (ለጥበቃ ሲነቃ) ብቻ የሚሠራ የመግቢያ ዞን ነበር። ስለዚህ ባለቤቷ ጠዋት ሱቁን ከፍተው ሲስተሙን ዲስአርም ካደረጉበት (ከጥበቃ ካሳረፉበት) ሰዓት ጀምሮ ያ ቁልፍ ቀኑን ሙሉ በድን ሆኖ ይውላል፤ ነፍስ የሚዘራው ማታ፣ ከጠረጴዛው ኋላ የሚቀመጥ ሰው በሌለበት ጊዜ ነው።

«ጋሼ፣ ስምንት መስመር አለው፣ አንዱ ቢረበሽ ሰባቱ ይሠራሉ ብለው እኮ ነው የሸጡልኝ» አሉኝ። ይህን አባባል ከሌሎች ደንበኞችም ስለሰማሁት ትንሽ ላብራራው። በእነዚህ ሪሲቨሮች ላይ «ቻናል» የሚባለው እንደ ሬዲዮ ጣቢያ የተለያየ የአየር ሞገድ ማለት አይደለም። ሴንሰሮቹና ሪሞቶቹ በሙሉ የሚልኩት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ ገበያችን ላይ በብዛት በሚገኙት ዕቃዎች ደግሞ በ433.92 ሜጋኸርዝ ነው። እያንዳንዱ መላኪያ የራሱ መለያ ኮድ አለው፤ ሪሲቨሩ ኮዱን ለይቶ በተመዘገበበት ቻናል ላይ ያለውን ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ይዘጋል ወይም ይከፍታል። ቻናል ማለት እንግዲህ መውጫ ማለት ነው። አየሩ ከተረበሸ ስምንቱም ቻናሎች በአንድ ጊዜ ይደነቁራሉ። የቻናል ብዛት ለጣልቃ ገብነት መከላከያ አይሆንም፤ የሚጠቅመው ፓነሉ የትኛው ሴንሰር እንደተናገረ ለይቶ እንዲያውቅና ለእያንዳንዱ የሚገባውን ምላሽ እንዲሰጥ ነው።

እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቻናል ማጎር የስምንት ቻናሉን ዋጋ ከፍሎ ባለ አንድ ቻናል መግዛት ነው። የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ለብቻው ቻናል ተሰጥቶት፣ ሲስተሙ አርም ሆነም አልሆነ ሃያ አራት ሰዓት ከሚሠራ ዞን ጋር መገናኘት አለበት። የጢስ ሴንሰር ካለም እንደዚሁ፤ ያውም ከሌባው ድምፅ የተለየ ድምፅ እንዲያሰማ ማድረግ ይገባል። የመግቢያው በር ባለቤቱ ኮድ እስኪያስገባ የሚታገስ ዞን ላይ ሲውል፣ የኋላው መጋዘን ግን ወዲያው የሚጮህ ዞን ይፈልጋል። የቻናሉ አሠራር መምረጫም አለ፦ ለሴንሰሮች መውጫው ለአንድ አፍታ ተከፍቶ ተመልሶ እንዲዘጋ መሆን ሲገባው፣ በአንድ ምት ተከፍቶ በሁለተኛው ምት ብቻ በሚዘጋበት አሠራር ተትቶ ያገኘሁት ብዙ ጊዜ ነው። እንዲህ ሲሆን ሴንሰሩ አንዴ ከላከ በኋላ ዞኑ እንደተከፈተ ይቀርና ሲስተሙ «አርም አልሆንም» ይላል፤ ሁለት ሦስት ቀን የተቸገረ ባለቤትም ዞኑን ጨርሶ ያጠፋዋል።

የሽቦው አያያዝም የራሱ ጣጣ አለው። ከሪሌዩ ወደ ፓነሉ የሚሄደው መስመር በዝግ ኮንታክት (ሴንሰሩ ዝም ባለ ጊዜ ተዘግቶ በሚቆየው መገናኛ) በኩል አልፎ፣ ፓነሉ የመስመሩን ደህንነት የሚለካበት ሪዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በልክ የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ በሪሲቨሩ በኩል ባለው ጫፍ መታሰር አለበት። ለሥራ እንዲቀል ሲባል ሪዚስተሩን ፓነሉ ውስጥ የሚያስሩ ባልደረቦች አሉ። እንዲህ ሲታሰር የመስመሩ ሁለት ሽቦዎች ቢነካኩና ሾርት ቢሆኑ ፓነሉ ሁሉም ነገር ደህና እንደሆነ አድርጎ ያነባል፤ ሪዚስተሩ እዚያ መኖሩም አለመኖሩም አንድ ነው።

ወደ መርካቶው ሱቅ ልመለስ። ሪሲቨሩ የተገጠመው ከፓነሉ ጋር አንድ የብረት ሳጥን ውስጥ ሲሆን፣ አንቴናው ክዳኑ እንዲዘጋ ተብሎ እንደ ጥቅል ክር ተጠምዝዟል። የኋላው መጋዘን ሴንሰር ይልካል፣ ቀይ መብራቱም ይበራል፤ መልእክቱ ግን በቆርቆሮው ክፍልፋይና በብረት ሳጥኑ መካከል ይሞታል። በ433.92 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 69 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የዚያ ሩብ የሆነ፣ 17 ሴንቲሜትር ያህል ቀጥ ያለ ሽቦ ያስፈልገዋል፤ በ868 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ ዕቃ ከ9 ሴንቲሜትር ያነሰ ይበቃል። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን እኔም አንቴና ለሳጥን ልክ እየቆረጥሁ «ንጹሕ ሥራ» ብዬ የኮራሁበት ጊዜ ነበር፤ ስለዚህ በሌላው ላይ ድንጋይ አልወረውርም። ሪሲቨሩ ከብረት ሳጥን ወጥቶ፣ በፕላስቲክ መያዣ፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከሴንሰሮቹ መሀል በሚገኝ ግድግዳ ላይ መሰቀል አለበት። ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከብረት በርና ከቆጣሪ ሳጥን መራቅ ይገባዋል፤ ከርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎችና ከቻርጀሮችም ቢያንስ አንድ ሁለት ሜትር መራቁ ይበጃል፣ የእነርሱ ጫጫታ ደካማውን ሲግናል ይውጠዋልና። ወደ ፓነሉ ጥቂት ሜትር ሽቦ መሳብ ያስፈልግ ይሆናል፤ ትራፓኖ የያዘ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሪሲቨሩ ከፓነሉ ከወጣ ግን የራሱ ክዳን ሲከፈት የሚያስታውቅ መነካካት ጠቋሚ ቁልፉ ሃያ አራት ሰዓት በሚሠራ ዞን ላይ መታሰሩ አይረሳ።

ስለ ኃይል አቅርቦት ብዙ አልልም፤ መብራት እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ሪሲቨሩ ከፓነሉ 12 ቮልት መውሰድ አለበት፤ በራሱ አዳፕተር ሶኬት ላይ ከተሰካ መብራት በጠፋ ቅጽበት ሲስተሙ ጆሮ የለውም። 7 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 350 ሚሊአምፔር ለሚወስድ ሲስተም በሒሳብ 20 ሰዓት ይቆያል፤ ያረጀ ባትሪ ላይ ይህን አትጠብቁ።

አንድ ሌላ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶች በሻንጣ የሚያመጧቸው የማንቂያ ዕቃዎች በየጊዜው እጄ ይገባሉ። ጥራታቸው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የሚሠሩት በ315 ወይም በ345 ሜጋኸርዝ ስለሆነ እዚህ የተገዛ 433 ሜጋኸርዝ ሪሲቨር አይሰማቸውም፤ የቻናሉ ቁጥር ቢበዛም አይግባቡም። በ902 እና በ928 ሜጋኸርዝ መካከል የሚልኩት ደግሞ ከሞባይል ስልኮች የ900 ሜጋኸርዝ አገልግሎት ጋር ይደራረባሉ፤ ይህ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ትራንስፎርመራቸው ለ120 ቮልት የተሠራ በመሆኑ 220 ላይ ተሰክቶ የጨሰ ፓነልም አይቻለሁ። ዕቃ የምትልኩ ወገኖች ከመላካችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ፍሪኩዌንሲና ቮልቴጅ አንብባችሁ ብትነግሩን ወጪያችሁ በከንቱ አይቀርም ነበር።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ዝም ያለ ሴንሰር ነው። ርካሾቹ መላኪያዎች የሚናገሩት በር ሲከፈት ወይም ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ በመሆኑ፣ ባትሪያቸው አልቆ ወይም ሰው ነቅሏቸው ከሆነ ሪሲቨሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የተሻሉት በየተወሰነ ጊዜ «አለሁ» የሚል መልእክት ይልካሉ፤ ሪሲቨሩም መልእክቱ ሲቀርበት ብልሽት የሚያሳውቅበት የተለየ መውጫ አለው። የሚያሳዝነው፣ ይህ መውጫ ያላቸውን ሪሲቨሮች ገዝተው እንኳ መውጫውን ከምንም ጋር ሳያያይዙ የሚተዉ ጫኞች አሉ። እርሱን ከአንድ ዞን ጋር ለማገናኘት የሚጠይቀው ሁለት ሽቦና አንድ ሪዚስተር ነው። በተመሳሳይ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ኮድ የሚልክ ሪሞት ሲስተሙን ዲስአርም ማድረጊያ ሆኖ ባይመዘገብ እመርጣለሁ፤ ኮዱን ከአየር ላይ ቀድቶ መልሶ መላክ ይቻላልና። በተጫኑት ቁጥር ኮዱን የሚቀይር ሪሞት ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ለዚህ ቦታ የሚሆነው እርሱ ነው።

መርካቶ የሚገኙት ነጋዴ ሱቅ ውስጥ አዲስ ዕቃ አልገዛሁም። ሪሲቨሩን ከሳጥኑ አውጥቼ ከቆጡ ሥር ባለው የብሎኬት ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት፣ አንቴናውን አቃናሁት፣ አራቱን መላኪያዎች በአራት ቻናል ከፋፍዬ ወደ አራት ዞን ወሰድኋቸው። ከዚያ ሱቁ ተዘግቶ እርሳቸው ከመጋዘኑ እስከ በሩ እየተራመዱ፣ እኔ ፓነሉ ዘንድ ቆሜ የትኛው ዞን እንደበራ እየጻፍሁ እያንዳንዱን ሴንሰር አምስት አምስት ጊዜ ፈተንን። ያቺን ወረቀት፣ የቻናሉን ቁጥር፣ የሴንሰሩን ቦታና የዞኑን ዓይነት የያዘችውን፣ ፈርሜ ሰጠኋቸው። ማንኛውም ደንበኛ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት እንዲህ ያለ የተፈረመ ወረቀት እንዲጠይቅ፣ የጥበቃ ዕቃ አስመጪዎችና የሙያ ማሠልጠኛዎችም ቅጹን አዘጋጅተው ለጫኞች እንዲሰጡ፣ በጋዜጣችሁ በኩል አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሺያን
ከአዲስ አበባ