ራስሽን አታውግዢ

ልጄ፣

ቅዳሴ መሄድ እንዳቆምሽ እህትሽ ስትነግረኝ እንቅልፍ አጣሁ። «ተፋቶ ድጋሚ ያገባ ውጉዝ ነው» ያለሽ ማን ነው? ማንም ይሁን ተሳስቷል። አንቺ ራስሽን አታውግዢ።

በእኛ በካቶሊኮች ዘንድ ውግዘት ከባድ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። የተወገዘ ሰው ምስጢራትን አይቀበልም፣ ቅዳሴ ላይ አያገለግልም። ግን ለተወሰኑ ከባድ ጥፋቶች ነው፦ ሃይማኖትን መካድ፣ ቅዱስ ቁርባንን ማርከስ፣ ካህን የኑዛዜን ምስጢር ማውጣትና የመሳሰሉት። ድጋሚ ማግባት እዚያ ውስጥ የለም። አለመቁረብና መወገዝ ለየቅል ናቸው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳንቺ ያሉት የተወገዙ አይደሉም ብለዋል።

የተወገዘውስ ቢሆን ሲኦል ተፈረደበት ማለት ነው? አይደለም። ጥምቀቱ አይፋቅም። የቤተክርስቲያን ሕግ ውግዘትን ፈዋሽ ቅጣት ነው የሚለው፤ ሰውየው እንዲመለስ። ጳጳሱ ከማውገዙ በፊት ቢያንስ አንዴ ማስጠንቀቅ አለበት። ጥፋተኛው ከልቡ ከተጸጸተ ደግሞ አልፈታህም ማለት አይችልም። ሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰውማ ማንኛውም ካህን ይፈታዋል።

የአባቴን ወንድም ታስታውሺዋለሽ አይደል? በር ላይ ቆሞ የሚያስቀድሰውን። በውርስ መሬት ተጣልቶ፣ አንዱ ዘመድ በንዴት «ውጉዝ ነህ» አለው። ያወገዘው ጳጳስ የለም። እሱ ግን አመነ። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይይዛል፤ ሰው ሊቆርብ ሲሰለፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ታሞ ካህን ልጥራልህ ስለው «እኔ አይገባኝም» አለ። ካህኑ ሳይጠሩ መጡ። «ማን አወገዘህ?» ሲሉት መልስ አጣ። ያን ቀን ተናዞ ቆረበ። ያ ሁሉ ዓመት በከንቱ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንቺም እንዲያ እንድትሆኚ አልፈልግም። ራስሽን አታውግዢ፣ ሰምተሻል? እሁድ ልጆቹን ይዘሽ ግቢ፣ ፊት ተቀመጪ። ለጊዜው አትቆርቢም፤ እሱን አላባብልሽም። የኔ ዓለም፣ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ግን ቤቱ ያንቺም ነው።

በዚህ ሳምንት ቁምስና፣ አጥቢያሽ ቤተክርስቲያን፣ ሄደሽ ካህኑን አነጋግሪ። የፊተኛው ጋብቻሽ ከመነሻው የጸና ነበር ወይ የሚለውን የቤተክርስቲያን ፍርድ ቤት ሊመረምረው ይችላል። የጋብቻና የፍቺ ወረቀቶችሽን ያዢ። የጥምቀት ምስክር ወረቀትሽ እኔ ጋ ነው፤ በእህትሽ እልክልሻለሁ፣ ኮፒ አድርገሽ ዋናውን አስቀምጪ። ከካህኑ ጋር እንደጨረስሽ ደውዪልኝ፤ ቢመሽም ደውዪ።

እናትሽ