ግቢሽ ውስጥ ያለው ዛፍ ኒም አይደለም

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ድሬ እንደምታውቂያት ናት፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰው አያስወጣም።

የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። «አባዬ፣ አዲሱ ቤታችን ግቢ ውስጥ ኒም አለ፤ ቅጠሉን ቀቅዬ ሕፃኗን አጥባታለሁ» ብለሽ ነበር። ትናንት በስልክ በችኮላ አትንኪው አልኩሽ። ምክንያቱን ተረጋግቼ ልጻፍልሽ። ያ ዛፍ ሜሊያ ነው። ቅጠሉን አትቀቅዪ። ፍሬውንም ሕፃኗ ከመሬት አንስታ አፏ ውስጥ እንዳታደርገው።

ኒምና ሜሊያ ዘመዳሞች ናቸው። ብዙ ሰው ይምታታበታል፤ እንዲያውም ሜሊያን ራሱን ኒም የሚለው ሞልቷል። ልዩነቱ መጀመሪያ የሚታየው ቅጠሉ ላይ ነው። አንድ ቅጠል ከነእጀታው፣ ከቅርንጫፉ ጋር ከሚገናኝበት ቁረጪና ጠረጴዛ ላይ ዘርጊው። የኒም ቅጠል አንድ ዘንግ ብቻ ነው ያለው። ትንንሾቹ ቅጠሎች በዚያ ዘንግ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፣ በቃ። እያንዳንዷ ወደ አንድ ጎን ጎበጥ ያለች፣ ጫፏ የሾለ፣ ጠርዟ ጥርስ ጥርስ ያለው ናት። የሜሊያ ዘንግ ግን ይከፋፈላል። ከትልቁ ዘንግ ሌሎች ቀጫጭን ዘንጎች ይወጣሉ፤ ትንንሾቹ ቅጠሎች ያሉት በእነዚያ ላይ ነው። ፎቶሽ ላይ ያየሁት ይኼንን ነው።

አበባ ሲያወጣ ደግሞ ጥርጣሬ አይኖርሽም። የኒም አበባ ነጭ ነው። የሜሊያው ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ሆኖ መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ቱቦ አለው። ፍሬያቸውም ይለያያል። የኒም ሞላላ ነው። የሜሊያ ክብ ነው፤ ሲበስል ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ ረግፎ ካለቀ በኋላ እንኳ ዘለላው ዛፉ ላይ ይቆያል። ልጆችን የሚያታልላቸውም ይኼ ነው፤ የሚበላ ይመስላል። ፍሬው መርዛማ ነው። ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ከበዛ ደግሞ ከዚያም የባሰ ያመጣል። አደራሽን፣ ሕፃኗ በላች ብለሽ ከጠረጠርሽ ነገ ይሻላታል ብለሽ አትጠብቂ። ፍሬውን ይዘሽ ቀጥታ ሐኪም ቤት ሂጂ። ቀምሰሽ ለመለየትም አትሞክሪ። ስለ ኒም ካነሳን ደግሞ፣ የእውነተኛው ኒም ዘይት ራሱ ሕፃን አፍ ውስጥ መግባት የለበትም። ባህላዊ ነው ማለት ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል ማለት አይደለም።

አንድ ሌላ ምልክት ልጨምርልሽ። ኒም ቆላ ይወዳል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ለእሱ ትመቸዋለች። ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ ወይና ደጋ ናት። ኒም ብርድ አይችልም። ስለዚህ እናንተ ጋ «ኒም ነው» ሲሉሽ ቀረብ ብለሽ ማየት አለብሽ።

ለወደፊቱም አቦ ልጄ፣ ዛፍን በአንድ ምልክት ብቻ አትፍረጂ። ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ፍሬውን አንድ ላይ እዪ። በከተማችን ስም የሚጠራውን የድሬዳዋ ዛፍ ውሰጂ። ትውልዱ ከማዳጋስካር ነው። ሲያብብ በቀይነቱ ማንም ያውቀዋል፤ ጃካራንዳንም በሐምራዊ አበባው ማንም ያውቀዋል። አበባው ካለቀ በኋላ ግን የሁለቱም ቅጠል ደቃቅና ላባ መሳይ ስለሆነ ያምታታል። ያኔ ቅጠሎቹ ቅርንጫፉ ላይ እንዴት እንደተቀመጡ እዪ። የጃካራንዳ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። የድሬዳዋ ዛፍ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እየተፈራረቀ ያወጣል። ፍሬው ከተገኘማ ነገሩ አለቀ። የድሬዳዋ ዛፍ ረጅም፣ ጠፍጣፋ፣ እንጨት የሆነ ቆባ፣ ማለትም ዘሩን የያዘ ልባስ፣ ያንጠለጥላል። የጃካራንዳው አጭርና ክብ ጠፍጣፋ ነው፤ ለሁለት ሲከፈት ክንፍ ያላቸው ስስ ዘሮች ይበተናሉ።

ቁርቁራን በልጅነትሽ ፍሬውን እየለቀምሽ ስለበላሽው አላስተምርሽም። ቅጠሉን ግን ገልብጠሽ እዪው፦ ከሥሩ የሚነሱ ሦስት ጉልህ ደም ሥሮች አሉት። እሾሁም ጥንድ ነው፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው የተቆለመመ። ሮቃም፣ ተማሪንድ የሚሉት ዛፍ፣ ቆባው ከሌለ በአበባው ይታወቃል፤ ትንሽ፣ ቢጫ፣ ቀይ መስመር ያለበት ነው።

የእኔ ትልቁ ፍቅር ግን ገበሬዎቻችን ገርቢ የሚሉት ነው። በበጋ ከሐረር ስትመጪ፣ ሐረማያን እስክታልፊ መስኮት ጋ ተቀመጪ። ሌላው ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ማሳው ሁሉ ደርቆ ሳለ ለምልሞ የቆመውን እዪ። እሱ ገርቢ ነው። ከግራር ጋር ቢመሳሰልም ጠባዩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በበጋ ይለብሳል፣ በክረምት ይራቆታል። ለዚህ ነው ገበሬው ማሳው መሃል የሚተወው። ማሽላው ሲያድግ አይጋርደውም፤ የረገፈው ቅጠል ደግሞ መሬቱን ያለማል። በበጋው ከብቱ ፍሬውን ይበላል። ፍሬው ብርቱካንማ፣ ጥምዝምዝ ያለ ቆባ ነው፤ አንዴ ካየሽው አይጠፋሽም። በቅርጽ ብቻ ብትሄጂ ግራር ብለሽ ታልፊዋለሽ፤ ወቅቱን ካየሽ ግን አትስቺውም።

አሁን ወደ ግቢሽ። ዛፉ ይቆረጥ አላልኩም፤ ጥላ ነው፣ እንጨቱም ጥሩ ነው። ግን አከራይሽን ዛሬውኑ አናግሪያቸው። ሕፃኗ የምትጫወትበት በኩል ያሉት የተንጠለጠሉ ዘለላዎች ይቆረጡ። ጠዋት ጠዋት ከሥሩ የወደቀውን ጥረጊና ሰብስበሽ ጣዪ። ለጎረቤት ልጆች እናቶችም ንገሪያቸው።

ሌላ ዛፍ ካጠራጠረሽ ፎቶ ላኪልኝ። ቅጠሉን ከፊትም ከጀርባም፣ ከነቅርንጫፉ አንሺው፤ አበባ ወይም ፍሬ ካለው እሱንም ጨምሪበት። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ሕፃኗን ሳሚልኝ።

አባትሽ
ከድሬዳዋ