ለአባዬ፣ ስለ ኡልሪሽ ሙኤ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ዛሬ ስለ አንድ ተዋናይ ልጽፍልህ ነው። ኡልሪሽ ሙኤ ይባላል። በ1953 እ.ኤ.አ. (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚግ አካባቢ፣ ግሪማ ተወለደ። አንተ ላይፕዚግ ሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ስትማር እሱም እዚያው ከተማ የቲያትር ተማሪ ነበር። ማን ያውቃል፣ አንድ ትራም ላይ ተሳፍራችሁ ይሆናል!

ከትምህርቱ በፊት ወታደር ሆኖ የበርሊንን ግንብ ጠብቋል። ጨጓራውን የታመመው ያኔ ነው። በኋላ ካርል ማርክስ ሽታት ከተማ መድረክ ላይ ሲሠራ ጸሐፌ ተውኔቱና አዘጋጁ ሃይነር ሙለር አየውና ወደ በርሊን ወሰደው። አንተ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም በቃልህ የምትወጣውን ሐምሌትን የተጫወተውም በሙለር አዘጋጅነት ነው። ልምምዱ ሲጀመር የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ገና አልወደቀም። ተውኔቱ በመጋቢት 1990 ለሕዝብ ሲቀርብ ግን ግንቡ ፈርሷል።

እኔ ከሁሉ የምወድለት ኅዳር 4 ቀን 1989 ያደረገውን ነው። የቲያትር ሰዎች በጠሩት ሰልፍ የበርሊኑ አደባባይ አሌክሳንደርፕላትዝ በሰው ተጥለቅልቋል። እሱም ከአንዲት ተዋናይት ጋር የአገሩን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 እና 28 አነበበ። ስለ መናገርና ስለ መሰብሰብ መብት የሚሉትን! መብቱ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፤ ጮክ ብሎ የሚያነበው ነው የጠፋው። ግንቡን የጠበቀ ወታደር እዚህ ደረሰ።

ዓለም ያወቀው ግን በ2006 በወጣው «የሌሎች ሰዎች ሕይወት» ፊልም ነው። የስታዚ፣ የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት፣ መኮንን ሆኖ ይሠራል። ጣሪያ ሥር ተቀምጦ የአንድ ጸሐፌ ተውኔት ቤት ውስጥ የሚወራውን ሁሉ ይሰማል። እኛ ጆሮ ጠቢ የምንለው ዓይነት። ፊቱን እምብዛም አያንቀሳቅሰውም፣ አይጮህም፣ አያለቅስም ማለት ይቻላል። ሰውዬው ቀስ በቀስ ሲለወጥ ግን ዓይኑ ላይ ታየዋለህ። እንዲህ ያለ ትወና አይቼ አላውቅም። ለዚህ ሚና እንዴት እንደተዘጋጀ ሲጠየቅ «አስታወስኩ» ነው ያለው።

ፊልሙ በየካቲት 2007 ኦስካር ወሰደ። እሱ በሐምሌ በጨጓራ ካንሰር አረፈ። ገና 54 ዓመቱ ነበር።

አባዬ፣ ስታዚ የደርግን የደህንነት ሰዎች ማሠልጠኑን ያነበብኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። አንተ ሁለቱንም አገር በዚያ ዘመን ኖረህባቸዋል። ስለ ላይፕዚግ በረዶና ስለ ዳቦው ትነግረን ነበር። ስለ ፍርሃቱ ግን አንድም ቀን አላነሳህም። ስንጠይቅህ ወሬ ትቀይራለህ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ልትጠብቀን ነው። አሁን ግን እኔም የልጆች እናት ሆኛለሁ፣ ብሰማው እችለዋለሁ።

ለፋሲካ ስመጣ ፊልሙን ይዤልህ እመጣለሁ። ጀርመንኛህ አልጠፋምና የትርጉም ጽሑፍ አያስፈልግህም። አብረን እንየው። ከዚያ እጠይቅሃለሁ፤ የቻልከውን ያህል ንገረኝ።

እማዬን ሳምልኝ። መድኃኒትህን እንዳትረሳ።

ልጅህ