ለሹመትሽ የተጻፈ ደብዳቤ

ሰላም እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? የእማማ ጉልበት ተሻለው? ተጠፋፋን፣ በጣም ተጠፋፋን። ማን ቀድሞ እንደጠፋ መቁጠሩን እንተወው። ዳይሬክተር ሆነሽ መሾምሽን ከሰው ሰማሁ። ደስ አለኝ፣ ግን ደግሞ ሰጋሁ። አንቺን አምንሻለሁ፤ ወንበሩን ነው የማላምነው።

ድሮ የሠራሁበትን መሥሪያ ቤት አጫውቼሽ አውቃለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኃላፊው በር ላይ ባለጉዳይ ይሰለፋል። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላለች። ከገጠር የመጡ አዛውንት ፋይላቸውን በፌስታል ይዘው ኮሪደር ላይ ቆመው ይውሉና ማታ «ነገ ተመለሱ» ይባላሉ። ፊርማው፣ ቲተሩ፣ ማህተሙ ሁሉ እዚያ ቢሮ ውስጥ ነው። ነገር ሲጠፋን ግን ሁላችንም የምንሄደው መዝገብ ቤት የምትሠራዋ ሴትዮ ጋ ነበር። ሹመት የሚባል ነገር የላትም። ሰው ቆሞ ካየች ወንበር ትስብለታለች፣ አዲስ ልጅ ሲሳሳት ሰው ሳይሰማ ለብቻው ጠርታ ታሳየዋለች። አንድ ቀን ፋይል ጠፋና ኃላፊው በስብሰባ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋን መወንጀል ሲጀምር፣ ብድግ ብላ «መዝገብ ቤቱ በእኔ እጅ ነው፣ እኔን ጠይቁኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ እሷ እንዲህ እናድርግ ስትል ለምን ያለ ሰው አላየሁም። ኃላፊው ከቦታው የተነሳ ጊዜ ግን ስልኩን የሚያነሳለት እንኳ ጠፋ።

ሰሞኑን ደግሞ የሴት ልጅ ግርዛትን ስለታገሉት ስለ ቦጋለች ገብሬ አስባለሁ። አሜሪካ ተምረው ሲመለሱ ሚኒስትር አልነበሩም፣ የወረዳ ሹም አልነበሩም። ከእህታቸው ጋር ከምባታ ላይ ድርጅት አቋቁመው የተነሱበት ጉዳይ የሴት ልጅ ግርዛትና ኤችአይቪ ነው፤ ያኔ ሰው ፊት አፍ ተሞልቶ የማይነገር ነገር። የአገሩ ሰው ግን መጀመሪያ የነገራቸው የራሱን ችግር ነው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ወደ ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ የለንም አላቸው። እሳቸውም እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው ብለው አላለፉትም፤ ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሰማቸው። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ገራዧ ሳትቀር አብረው ተቀምጠው ለወራት ተነጋገሩ፤ ማንም ትእዛዝ አልተሰጠውም፣ ማንም አልተቀጣም። በኋላም ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች። ይህ ሁሉ የሆነው ግርዛትን የሚከለክለው የወንጀል ሕግ በ1997 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊት ነው።

ሕጉ አያስፈልግም አላልኩም፣ ያስፈልጋል። ግን በር ዘግታ ልጇን የምታስገርዝን እናት ሕግ ብቻውን አይደርስባትም። ራሷ ካላመነችበት ማን ያስቆማታል?

አንቺም ወንበሩን ናቂው አልልሽም። በጀት የሚወጣው በአንቺ ፊርማ ነው፣ የአንዱ ምስኪን ጉዳይ የሚያልቀውም በአንቺ ፊርማ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብቻ ስብሰባ ላይ መጨረሻ ተናገሪ፤ አለቃ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ሐሳቡን ዋጥ አድርጎ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ብሎ ይወጣል። ፊት ለፊት የሚቃወምሽን ሰው በግምገማ አትምቺው፣ እባክሽ። በቀን አንዴ እንኳ ከቢሮሽ ወጥተሽ ኮሪደሩን እይው፣ ማን እንደቆመ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመ ጠይቂ። ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ የሚመጡ ዘመድ ወዳጆች አይጠፉም፤ እስካሁንም መጥተው ይሆናል። ይህ አባባል ስንቱን መሥሪያ ቤት እንዳፈረሰ አንቺም እኔም አይተናል። ቡና አጠጥተሽ ሸኚያቸው።

ብዙ ጻፍኩብሽ አይደል? ስለምወድሽ ነው፣ እዚያ ቦታ ላይ አንቺን የመሰለ ሰው ስለማይገኝም ነው። ስልክሽ ካልተቀየረ እሁድ ከሰዓት እደውላለሁ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያንቺ «መዝገብ ቤት» ማን እንደሆነች ንገሪኝ፤ እንደዚያች ያለች ሴት የሌለችበት ቤት የለም፣ እስካሁን ካላወቅሻት ሰኞ ፈልጊያት። እማማን ሳሚልኝ።