ሁለት ድስት፣ አንድ ቀይ ክር፦ የቤተሰብ ታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የመጽሔቱ አዘጋጅ ተማሪ "ቲቸር፣ የአባላት ብዛትና የተሠሩ ሥራዎች ብቻ ይጻፉልን" ብሎኝ ነበር። የአባላት ብዛት በታኅሣሥ 9፣ በሰኔ 31። የተሠራውን ግን በቁጥር መጻፍ አቃተኝ።

ክበቡ በእቅድ አልተወለደም። ኅዳር 29 ደርሶ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ በ1987 የጸደቀበት፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን የምንለው። እንደ ሁልጊዜው የባህል ልብስ ተከራየን፣ ጠረጴዛ ላይ ደረደርን፣ ልጆቹ እየመረጡ ለበሱ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን ጠረጴዛው ጋ ቆማ ቀረች። እናቷ አፋር ናት። አባቷ የቃሉ አማራ፣ የአባቷ እናት ደግሞ የከሚሴ ኦሮሞ።

"ቲቸር፣ የቱን ልልበስ?" አለችኝ።

"የፈለግሽውን" አልኳት። መምህር መልስ ሲያጣ የሚሰጠው መልስ ነው።

አልለበሰችም። በዩኒፎርሟ ሄዳ ከተመልካቹ መሐል ተቀመጠች። አንዱን ብታነሳ ሌላውን የካደች መስሏት ይሆናል። ያንን ጠረጴዛ ለዓመታት ሳዘጋጅ የኖርኩት እኔ ነኝ። ለአንድ ልጅ አንድ ልብስ ብቻ እንደሚበቃው ማን እንደነገረኝ አላውቅም።

በሳምንቱ ከእሷና ከስምንት ልጆች ጋር ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ተቀመጥን። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ብርቅ አይደለም። አረብ ገንዳ ሰፈር ብትጠይቁ ቅድመ አያቱ ከየመን የመጡ ታገኛላችሁ። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ሲገበያይ ኖሯል፤ ገበያ ደግሞ ፍየልና ጨው ብቻ አያለዋውጥም፣ አማችም ያደርጋል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በእኛው አገር ስም መጠራታቸውን ልጆቹ በኩራት ይናገራሉ። የገዛ ቤታቸው ነገር ሲነሳ ነው አንገት የሚደፉት።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ቤት ውስጥ ያሉትን ትልቅ ሰው አንድ ነገር መጠየቅ ነበር። "ብሔርዎ ምንድን ነው?" እንዳይሉ ከለከልኳቸው። የቀበሌ ቅጽ የሚያስሞሉ ያስመስላቸዋል፤ አያቶች ይደነግጣሉ። "እናትዎ ሲቆጡ በምን ቋንቋ ነበር?" በሉ አልኳቸው። አንዱ ልጅ እየሳቀ መጣ። አያቱ ሲያጽናኑት "አብሽር" ነው የሚሉት፣ ሲቆጡ ግን በኦሮምኛ ነው። እስከዛሬ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር፤ ትርጉሙን የጠየቀው ገና አሁን ነው። ትርጉሙን እዚህ አልጽፈውም።

ስብሰባችንን በዳጉ መክፈት የጀመርነው በዚያችው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ምክንያት ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንዲሁ አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ከየት እንደመጡ፣ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙ ይለዋወጣሉ። የሰማ ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው የማድረስ ግዴታ አለበት። አጎቷን ጠይቃ መጥታ ስታስረዳን ከኅዳሯ ልጅ ጋር አንድ መሆኗን ተጠራጠርኩ። እርግጥ የእኛ ዳጉ ከግማሽ በላይ የኳስ ወሬ ነበር። ማን ዩናይትድ ሲሸነፍ ዳጉው ይረዝማል።

በጣም የቆየብኝ የግንቦቱ የጓዳ ቀን ነው። እያንዳንዱ ከቤቱ ምግብ እንዲያመጣ ተስማማን። ስጋ እንዳይመጣ የወሰኑት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ የእስላምና የክርስቲያን ስጋ ነገር ወሎ ላይ ለማንም አይነገርም፣ ከጡት ጋር ነው የሚጠባው። ያን ጊዜ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። እናቱ ክርስቲያን፣ አባቱ ሙስሊም ናቸው።

"እኛ ቤት ሁለት ድስት አለ" አለ። "የአንደኛው ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። የእናቴ ዘመዶች ሲመጡ በእሱ ነው የሚሠራው። ቢላዋም ሁለት ነው።"

ሲናገር ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው። እንዲህ ያለ ቤት የእነሱ ብቻ መስሎት ኖሯል። ወዲያው ሦስት እጅ ወጣ። አንዷ ቤት ክር ሳይሆን ሰማያዊ ቀለም ነው ምልክቱ። ሌላው "እኛ ቤት ሦስተኛም አለ፣ የሽሮ፤ እሱ የሁሉም ነው" አለ። ልጁ ቀና ብሎ "የእኛ የሽሮ ድስት ጆሮው ተሰብሯል" ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በጓዳ ቀን የመጣው ሽሮ በዚያ ጆሮ በሌለው ድስት ነው።

ይኸው ልጅ የአይጠየፍ አዳራሽን ልንጎበኝ ሄደን ጉድ አደረገን። ንጉሥ ሚካኤል፣ አዳራሹን ያሠሩት፣ በ1870 ከተደረገው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ጋር ተያይዞ ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። ይህን ስነግራቸው "ታዲያ እሳቸው ስንት ድስት ነበራቸው?" አለኝ። መልስ የለኝም።

ያጠፋሁትንም ልጻፍ። የአራት አያቶችን ድምፅ በስልኬ ቀድቼ ሌላ ቦታ ሳላስቀምጥ ስልኩ ውኃ ገባበት። ሦስቱን እንደገና ቀዳን። አራተኛዋ እናት ግን በመጋቢት አረፉ። የልጅ ልጃቸው ምንም አላለኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ክበቡ ውስጥ ለወራት ምንም ሳትናገር ቆየች። አንድ ቀን ለብቻዬ ነገረችኝ። እናቷ ትግርኛ ተናጋሪ ናት። ከጦርነቱ ወዲህ ባጃጅ ውስጥ ሲደወልላት "እማ፣ አታንሺው" ትላታለች። "ኩሪ" አላልኳት። ኩራት በትእዛዝ አይመጣም፤ ፍርሃቷም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን በ2012 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀውን የቋንቋ ፖሊሲ አነሳሁ። ከአማርኛ ጎን አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ይላል። ልጆቹ በጣታቸው ቆጠሩ። ከአምስቱ አራቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ባሉ ልጆች ቤት ይነገራሉ። እሷም ስትቆጥር አየኋት።

በሚኒ ሚዲያ ጠዋት ጠዋት ሰላምታ እናስተላልፍ ነበር። መጀመሪያ "አካም ቡልታኒ" ተባለ፤ አንባቢው ተሳስቶ አያቱ ማታ አርመውት በማግስቱ ደገመው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ እሷ ማይኩን ያዘች። "ከመይ ሓዲርኩም" አለች። ከሰልፉ ኋላ አንዱ አጉረመረመ፤ አልደብቅም። እሷ ግን ጨረሰች። "ሓ" ከጉሮሮ ጥርት ብላ ወጣች። የት እንደተለማመደች ስጠይቃት፣ "ባጃጅ ውስጥ፣ እማ አስጠናችኝ" አለችኝ።

ለሚቀጥለው ዓመት ልብስ አንከራይም ብለን ለዩኒት ሊደሩ አሳውቀናል። ጠረጴዛው ይኖራል፤ ላዩ ላይ የሚቀመጠውን ልጆቹ ከየቤታቸው ያመጣሉ። የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ ከአሁኑ ቦታ አስይዛለች። ሦስት ነገር ነው የምታመጣው።