ሰብልዬ፣ እማዬን አስታግሺልኝ

ሰብልዬ፣ እንዴት ከርመሻል? መጥፋቴን አውቃለሁ፤ አንቺም ጠፍተሻል፣ ወቀሳውን ስትመጪ ቡና ላይ እንጨርሰዋለን። «ሲቸግራት ነው የምታስታውሰኝ» በይ፣ እውነትሽን ነው። ቸግሮኛል።

ማሙሽ ታሟል። ሌሊቱን እንደ ምጣድ ሲግል አደረ፣ ሲነጋ ስለካው 38.7። ከሥራ አስፈቅጄ ቤት ዋልኩ። ዋልኩ ስልሽ ከጭኔ ሳይወርድ ነው፤ ሽንት ቤት እንኳ አብረን ነው የምንገባው። አባቱ ለሥራ ደባርቅ ሄዷል፣ በስልክ «ውኃ አጠጪው» እያለ ያዘኛል፣ የማላውቀው ይመስል። ሽሮፑን ወስዶ ትንሽ ቀለል ሲለው ደግሞ ቀዩን እስክሪብቶዬን ነጥቆ የአንድ ክፍል ተማሪ ወረቀት በሙሉ ኤክስ በኤክስ አደረገልኝ። እኔን ነበር እኮ ጨካኝ አራሚ የምትዪኝ!

ጠዋት ጤና ጣቢያ ወስጄዋለሁ። ነርሷ ጉሮሮውን በባትሪ አየችና «ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፤ ፓራሲታሞሉን በየ6 ሰዓቱ ስጪው፤ መጠጣት እምቢ ካለ ወይ ትንፋሹ ከፈጠነ ቶሎ መልሺው» አለችኝ። እፎይ ብዬ ስመለስ እማዬ ከቁስቋም በባጃጅ መጥታ፣ ዳማከሴ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ዳማከሴውንስ እሺ፤ አሽታ ብታስሸትተው ምን እላታለሁ? ምች ነው ብላ እዚያው ላይ ብታበቃ ምን ነበረበት! አፉን አስከፍታ አየችና «እንጥሉ ወርዷል፣ ሳይፈነዳ ይቆረጥ» አለች። ቆራጩንም አነጋግራዋለች። ነገ በጠዋት ልትወስደው ነው።

በፈረስ ጭራ ጠልፎ በምላጭ፣ ሰብልዬ! የ3 ዓመት ልጅ! ደሙ፣ ቁስሉ፣ ቴታነሱ ብዬ ሳልጨርስ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ሰብለም ተቆርጣ ነው ያደገችው። ይኸው ነርስ ሆነች።» ማስረጃዋ አንቺ ነሽ! አፌን አስያዘችኝ። ቆይቼ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የወንጀል ሕጉ እንዲህ ያለውን ልማድ ይቀጣል ብላት ባሰ፤ «እናትሽን ልታሳስሪ?» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ አኮረፈች። ይኸው አሁን ሳሎን ቁጭ ብላ ለማሙሽ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣዋለች። ለእኔ እምቢ ያለውን ለእሷ ጭልጥ!

እውነቱን ልንገርሽ? ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ተመልሶ፣ «እማ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ጅብ አለ» እያለ ሲያለቅስ፣ እማዬ ልክ ብትሆንስ አልኩ። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት፣ በየወላጅ ስብሰባው ስለ ጎጂ ልማድ የምለፈልፈው። ለማንም እንዳትናገሪ።

እና... እንዴት እንደምልሽም አላውቅም። ያኔ ደሙ አልቆም ብሎሽ አባትሽ ተሸክመውሽ ሲሮጡ እማዬ አላየችም፤ ገበያ ነበረች። ዳንሽ ብቻ ነው የምታውቀው። እሱን ማንሳት እንደማትወጂ አውቃለሁ፣ ካስከፋሽ ተይው። ግን ከአንቺ አፍ ከሰማችው ትተዋለች፤ የእኔን እንደሆነ ከልጅ ወሬ አትቆጥረውም።

ስልኳ ያው የድሮው ነው። ዛሬውኑ፣ ከማታ 3 ሰዓት በፊት ደውዪላት፣ ከዚያ በኋላ ትተኛለች። ደግሞ መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ ጠይቂያት፣ ስለ ማኅበሩም ትንሽ አውሪያት። ዘለሽ ወደ እንጥል ከገባሽ የላክሁሽ እኔ መሆኔን ወዲያው ትነቃብናለች።